ጫማ ለእግር ተሠራ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ብስክሌት ጫማ ነው። «ይህ ደግሞ ለነፍሳችን ምን ይጠቅማል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ብስክሌት ለምትጋልቡ በቀጥታ የሚሠራ ምክር አለው። ለማትጋልቡም፣ ለሌላ ሰው ጫማ ገዝታችሁ የምታውቁ፣ ምክር ሰጥታችሁ የምታውቁ፣ ወይም የማይሆናችሁን ነገር ከሚወዳችሁ ሰው እጅ የተቀበላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ብዬ አምናለሁ።

እኔ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሥራና ከቤተሰብ ቀጥሎ ደስ የሚለኝ ነገር ብስክሌት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። መንገዱ ሰላም በሚሆንበት ጊዜ በሉማሜ በኩል እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል እንጋልባለን፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በአማኑኤል አድርገን ወደ ደምበጫ። በዚህ መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁ ጋላቢ አብዛኛው በሸራ ጫማ ነው፤ አንዳንዱም በነጠላ ጫማ። ለትምህርት ቤትና ለገበያ መንገድ ይህ ይበቃል፤ ማንም ሰው በሸራ ጫማው ሊያፍር አይገባውም። ነገሩ የሚለወጠው ወጣቱ ረጅም መንገድ መልመድ ሲጀምርና ውድድር ሲያስብ ነው። ያኔ የብስክሌት ጫማ የሚባለውን በስልኩ ያየዋል፤ አይቶም ልቡ ይሄዳል።

የአንዲት እናት ጥያቄ

በኅብረታችን ውስጥ 19 ዓመት የሆነው አንድ ወጣት አለ። ሕልሙ በብስክሌት መወዳደር ነው። እናቱ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው ያሳደጉት። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ለእናቱ የእቁብ ዕጣ ወጣላቸው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ የምትኖረው አክስቱ ለበዓሉ እንደምትመጣ በቴሌግራም ድምፅ ላከችለት፦ «የኔ ጌታ፣ የጫማህን ቁጥር ብቻ ላክልኝ። ግማሹን እኔ እችላለሁ።» ፎቶም አስከተለች። ጫማው ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም የተቀነሰ ነው። ከሥሩ «የትራያትሎን ጫማ» የሚል ተጽፎበታል።

ልጁ ፎቶውን ሲያሳየኝ ዓይኑ ይበራ ነበር። «ጋሼ፣ 42 ነኝ ልበላት?» አለኝ።

«እስከ እሑድ ቆይ፤ ምንም እንዳትልካት» አልኩት።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ እናቱ በር ላይ ጠብቀው አገኙኝ። «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አሉ። «ግማሹን ዋጋ እኔ ልክፈል ብል የአራት ወር ጤፌ ነው የሚሄደው። አባቴ ደብረ ኤልያስ እስከ ዛሬ በባዶ እግራቸው ያርሳሉ። ልጄ ደግሞ በምድር የማይራመዱበት ጫማ ግዢልኝ ይለኛል። ይሄ ነገር ኃጢአት አይሆንብኝም?»

እኚህ እናት የጠየቁት ከብዙዎቻችን ጸሎት የጠለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ቆሜ በአንድ ቃል አልመለስኩላቸውም። በዚያ ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

እግር በዚህ አገር

ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የጎጃም ሰው አይጠፋውም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ የተራመደ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታ አለ። ብዙ ሰው በደፈናው «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና በዓመታት ውስጥ እግርን ያሳብጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ከሠርግና ከለቅሶ የራቀ፣ ከሰው ተለይቶ የተቀመጠ ወገን ብዙ ነው። ደብረ ኤልያስና ደምበጫ በሽታው ከተጠናባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። መከላከያው ደግሞ እንዴት ቀላል ነው! ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ።

እንግዲህ በእኛ አገር ጫማ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ጤና ነው። ጌታ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብም እግር የሚናቅ ብልት አለመሆኑን አሳይቶናል። ለእናቱ በመጀመሪያ ያልኳቸው ይህን ነው፦ «እትዬ፣ የአባትዎ እግርና የልጅዎ እግር ባላጋራ አይደሉም። ሁለቱም የሚፈልጉት የሚስማማቸውን ነው። እስቲ መጀመሪያ ይህ ጫማ ለእሱ እግርና ለእሱ መንገድ ተሠርቶ እንደሆነ እንይ። ካልሆነ በነፃ ቢመጣም ውድ ነው።»

ጫማው ምን ይሠራል?

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። ያኔ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ጋላቢው እግሩን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው በብረት ማቀፊያና በጠፍር ነበር፤ ለመውረድ ሲፈልግ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጁ ማላላት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ጫማቸውን ከሚያስሩበት መሣሪያ ሐሳቡን ወስዶ ያለ ጠፍር እግርን የሚይዝ ፔዳል አወጣ። በዓመቱ ፈረንሳዊው ቤርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ የመንገድ ተወዳዳሪዎች ከጠፍር ወጥተው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጫማው ሶል ሥር በብሎን የምትታሰር ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ክሊት ይሏታል። ፔዳሉ ላይ ሲረግጧት «ቀጭ» ብላ ትገባለች። ተረከዝን ወደ ውጭ ሲያዞሩ ትለቃለች። ሶሉ እንደ መሄጃ ጫማ አይተጣጠፍም፤ ደረቅ ነው። የእግር ግፊት በሶሉ መተጣጠፍ እንዳይባክን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው።

እዚህ ላይ ለልጁም ለእናቱም እውነቱን ነገርኳቸው። ይህ ጫማ ደካማውን ብርቱ አያደርግም። ተመራማሪዎች በመካከለኛ ጉልበት ሳያቋርጡ የሚጋልቡ ሰዎችን ለክተው፣ በሩጫ ጫማና በጠፍጣፋ ፔዳል ከሚጋልቡት ያነሰ ጉልበት ሲያወጡ አላገኟቸውም። ጥቅሙ የሚታየው ከመቀመጫ ተነስተው ባለ በሌለ ኃይል ሲፈተለኩ ነው፤ እንዲሁም በዝናብና በሻካራ መንገድ እግር ከፔዳል እንዳይንሸራተት ይይዛል። ለሚወዳደር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሥራ መንገድ ብቻ ለሚጋልብ ግን እናቱ የአራት ወር ጤፍ የሚከፍሉበት ነገር አይደለም።

የዋናተኛ ጫማ በደጋ መንገድ

ወደ ነጩ ጫማ እንመለስ። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳይቋረጥ ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ፤ የኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ተወዳዳሪው ከውኃ ወጥቶ እየሮጠ ብስክሌቱ ጋ ይደርሳል። ጫማው አስቀድሞ ፔዳሉ ላይ ተሰክቶ፣ በላስቲክ ተይዞ ይጠብቀዋል። እርጥብ እግሩን ያለ ካልሲ እየጋለበ ያስገባል። በዚያ ውድድር ሰከንድ ዋጋ አላት።

የትራያትሎን ጫማ ሁሉ ነገሩ ለዚህች ደቂቃ ተብሎ የተሠራ ነው። ማሰሪያው አንድ ወይም ሁለት ሰፊ ተለጣፊ ነው፤ በአንድ እጅ ይከፈታል ይዘጋል። ተረከዙ ላይ በጣት የሚጎተት ማንጠልጠያ አለው። ውስጡ ባዶ እግር እንዳይልጥ ለስላሳ ነው። ውኃው እንዲወርድና እግሩ እንዲደርቅ ብዙ ቀዳዳ አለው። ለተሠራለት ሥራ እጅግ ጥሩ ጫማ ነው።

ታዲያ በደብረ ማርቆስ ከውኃ ወጥቶ ብስክሌት ላይ የሚዘል ሰው እስካሁን አላየሁም! በእኛ መንገድ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ የሚገባለት የደጋ ብርድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ። የመንገድ ጫማ የሚባለው ሌላኛው ዓይነት በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ተለጣፊ፣ አንዳንዱ ክር፣ አንዳንዱ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር ማጥበቂያ አለው። ለማድረግ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን እግርን ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል ያቅፋል፤ ለረጅም ሰዓትም ይመቻል።

የማሰሪያውን ነገር በቀላሉ አትዩት። ደጀን ላይ እየበረደን እንነሳና ወደ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው ድልድይ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። እግር በሙቀት ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ እዚያ ታች ጣት ይቆነጥጣል፣ ውስጥ እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ከፊት በኩል ብቻ ትንሽ ማላላት የምትችሉበት ጫማ ካላችሁ ታመሰግናላችሁ። አንድ ሰፊ ማሰሪያ ብቻ ያለው ጫማ ግን ከፊት ሲላላ ከኋላም ይላላል።

ሁለት ቀዳዳ ወይስ ሦስት?

ጫማ ከመምረጣችሁ በፊት ሶሉን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን ቁጠሩ፤ ከዚያ ፔዳላችሁን ተመልከቱ። ሁለቱ ካልተግባቡ ጫማው ምንም ቢያምር አይሠራም።

ሦስት ቀዳዳ ያለው የመንገድ ተወዳዳሪዎች ነው። ክሊቱ ትልቅና ፕላስቲክ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ የእግርን ግፊት ይበትናል። ችግሩ ከሶሉ ወደ ውጭ ስለሚወጣ መራመድ እንደ ዳክዬ ነው። ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል፤ በእግር በሄዱበት ቁጥርም ይበላል። ሁለት ቀዳዳ ያለው ደግሞ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ዓይነት ነው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ነው፤ ጎማ ሶል ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ሰው ይራመድበታል። ብረት በመሆኑም ቶሎ አያልቅም። የእኛ ቀይ ጭቃ ሊደፍነው ይችላል፤ በእንጨት ጫር ጫር አድርጎ ማውጣት ነው።

ለአንድ የከተማችን ልጅ የትኛው ይሻላል? ጎማ ሲተነፍስበት ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል። ፍየልና አህያ ሲያቋርጡ ይወርዳል። ቤቱ የሚደርሰው በጠጠር መንገድ ነው። የፕላስቲኩ ክሊት ሲያልቅ የሚተካው በከተማችን ሱቅ አይገኝም፤ መንገደኛ መጠበቅ አለበት። ለእኔ ለመጀመሪያ ጫማ ሁለት ቀዳዳው ይሻላል። በክለብ ታቅፎ፣ መለዋወጫ የሚያቀርብለት ሰው ሲያገኝ ሦስቱ ይደረስበታል። ሶሉም ከካርቦን ካልሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ናይለኑ ጥቂት ይከብዳል እንጂ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ስለ ጉልበት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በሰዓት 4,800 ጊዜ ያዞራል። እግሩ በማይስማማው አቅጣጫ ተቸንክሮ ከሆነ ያን ሁሉ ጊዜ የሚጎዳው ጉልበቱ ነው። ስለዚህ ክሊቶች ተረከዝ ግራና ቀኝ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ የሚሰጡት ነፃነት አለ፤ ልኩም በቀለም ይታወቃል። በሺማኖ የሦስት ቀዳዳ ክሊት ቀዩ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ፣ ቢጫው 6 ዲግሪ ይሰጣል። በሉክ ኬኦ ግን ጥቁሩ ነው የማይንቀሳቀሰው፤ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ይሰጣል። አስተውሉ፤ በአንዱ ቤት ቀይ ማለት የታሰረ፣ በሌላው ቤት ቀይ ማለት ከሁሉ የላቀ ነፃ ነው! ለጀማሪ ነፃነት ያለው ይሻላል። ክሊቱ የሚታሰረውም የአውራ ጣት ሥር አጥንት ካለበት ትይዩ ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ጣት ጫፍ አይደለም።

መጀመሪያ እግርን መለካት

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እግሩ አለ። «42 ነኝ» የሚለው ቁጥር ልጁ ከገበያ ከገዛው ሸራ ጫማ ላይ ያነበበው ነበር። የአንዱ ኩባንያ 42 ከሌላው 42 ጋር እኩል አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ በደረቅ ሶል ውስጥ ይህች ልዩነት ጥፍር ታስወልቃለች። እዚህ ገብቶ የሚሞከርበት ሱቅ የለም። አክስቱ አንዴ አውሮፕላን ላይ ካወጣችው በኋላ መመለሻም የለውም። አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ አደረግን። እግር ቀኑን ሙሉ ከሠራ በኋላ ስለሚያብጥ ወደ ማታ ጠበቅን። የሚጋልብበትን ካልሲ አደረገ። የአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋን፤ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቶ ክብደቱን ጥሎ ቆመ። እናቱ ራሳቸው ተንበርክከው በእርሳስ የጣቱን ጫፍና የእግሩን ሰፊ ቦታ በሁለት በኩል ምልክት አደረጉ። ሁለቱንም እግር ለካን። ቀኙ 26.4 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 26.9 ሆነ። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። ያንን ቁጥር ኩባንያው በሴንቲ ሜትር ካወጣው ሠንጠረዥ ጋር ስናስተያይ 43 ሆኖ ተገኘ።

እንዲሁም ጫማው ሲመጣ የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። ጣቶች ፊት ለፊት ሳይነኩ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሰፊው የእግር ክፍል ተጨብጦ መጎዳት የለበትም። ተረከዝ ደግሞ ሲነሱ ከጫማው መውጣት የለበትም። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለው የድሮ ቆዳ ጫማ ምክር እዚህ አይሠራም፤ ይህ ጫማ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። ልባሽ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሶሉ የተሰነጠቀ፣ ሙጫው የለቀቀ ወይም የብሎኑ ጥርስ የተበላ እንዳይሆን ገልብጣችሁ እዩ። በዝናብ ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ በጥላ አድርቁት፤ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ሙጫው ይለቃል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ያ የእርሳስ ምልክት የፈጀብን ሩብ ሰዓት ነው።

እምቢ ያለው እግር

የልክ ነገር ትንሽ የሚመስለው ካለ አበበ ቢቂላን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የተገኘለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም። ባዶ እግሩን መሮጥ ለምዶ ስለነበር ጫማውን ትቶ ተሰለፈ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም ማራቶኑን አሸነፈ። እኛ ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ የባዶ እግር ጀግንነት ብቻ አድርገን እናወራዋለን። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። አበበ የጫማ ጠላት አልነበረም። የማይሆነውን ጫማ ለይቶ ማወቅና እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ያለ ሰው እናገኛለን። በ1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ሳኦል ለብላቴናው ዳዊት የራሱን ጥሩር አለበሰው። ሳኦል ክፉ አላሰበም፤ ያለውን ምርጥ ነገር ነው የሰጠው። ዳዊት ለብሶ ለመሄድ ሞከረ፤ አልለመደውምና አወለቀው። ከንጉሥ የመጣ ስጦታ ነው ብሎ ተሸክሞት ወደ ሸለቆው አልወረደም። የሄደው በእጁ በሚያውቀው ወንጭፍ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ?

ልጁ ነጩን ጫማ መተው ቀላል አልሆነለትም። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለአክስቱ ላከላት፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ናይለን ሶል፣ ጥቁር፣ በሁለት ቦታ የሚጠብቅ ጫማ ከፔዳሉ ጋር እንድታመጣለት ጠየቃት። አክስቱ «ይሄ እኮ አያምርም!» አለችው። «እትዬ፣ ይሆነኛል» አላት። ሁለቱም ተደምረው ከነጩ ጫማ ባነሰ ዋጋ መጡ።

ሲመጣ ወዲያው ወደ አስፋልት አልወጣም። አንድ ሳምንት ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ መሰካትና መንቀል ተለማመደ፤ እግሩ ሳያስብ መውጣት እስኪለምድ ድረስ። ይህን ልምምድ አትዝለሉት፤ ባጃጅ ድንገት ሲቆምባችሁ ለማሰብ ጊዜ የለም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ወራት አንድም ውድድር አላሸነፈም። ጉልበቱን ግን አላመመውም፤ ደጀን ደርሶ ሲመለስ ጣቱ አይደነዝዝም፤ ጎማ ሲተነፍስበትም ጫማውን ሳያወልቅ ብስክሌቱን እየገፋ ቤቱ ይገባል። ለአንድ ጫማ ከዚህ በላይ ምስክርነት አልፈልግም።

እናቱ ከተረፈው ገንዘብ ደብረ ኤልያስ ላሉት አባታቸው ድፍን የቆዳ ጫማ ገዙ። ከመግዛታቸው በፊት ግን የአባታቸውን እግር በክር ለክተው፣ ክሩን በመቀነታቸው ቋጥረው ወደ ገበያ ወረዱ። የጫማውን ቁጥር አልጠየቁም፤ ክሩን ውስጡ አስገብተው ነው የገዙት።

ወገኖቼ፣ እኔ ከዚህ የተማርኩት ፍቅር እንደሚለካ ነው። የሚወደን ሰው ሁሉ እግራችንን አይቶ አይሰጠንም። እኛም ለምንወዳቸው ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኛ የወደድነውን፣ ለእኛ የሆነንን፣ ወይም ቅናሽ የተገኘበትን ነው። ለአዲስ አማኝ የሃያ ዓመት አማኝን ሸክም እንጭናለን። ጎረቤታችን ያደረገው ልጅ አስተዳደግ ለእኛ ልጅ ይሆናል ብለን እናጠብቅበታለን። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ለዋናተኞች ያዘጋጀውን ነገር እኛ ለደጋ መንገደኞች እናመጣዋለን። ካልሆነው ሰው ላይም «እምነትህ ደከመ» እንላለን። ጫማ ለእግር ተሠራ እንጂ እግር ለጫማ አልተሠራም። የሚጠብ ከሆነ አስቀድመን የምንመረምረው ጫማውን ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ለማን ነው ሳልለካ የሰጠሁት? ስለሚያምር ብቻ ተሸክሜው የምሄደው፣ እግሬን የሚያደነዝዘኝ ነገር ምንድን ነው? በአጠገቤስ እስከ ዛሬ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ቁጥሩን ማንም ጠይቆት የማያውቅ ማን አለ?

ይህን የመጨረሻውን ሰው ስታገኙት ቁጥሩን ብቻ ጠይቃችሁ አትለፉ። ተንበርከኩና ለኩት።

ጌታ እግራችሁን ከመሰናከል ይጠብቅ፤ መንገዳችሁንም ያቅና። አሜን።